ስለ ሞተር መጋዝ፣ ስለ ዛፍ ቆረጣና ስለ እንጨት ፈለጣ

(በአቦምሳ ለአጥቢያ የልማት ኮሚቴ አባላትና ለፕሮጀክት ሠራተኞች ከቀረበ ትምህርት የተወሰደ)



 ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ እስከ ዛሬ ከተነጋገርንባቸው ከምንጭ ማጎልበት፣ ከቁጠባና ከዶሮ እርባታ ለየት ያለ ነው። ያነሣነውም ያለ ምክንያት አይደለም። ከአንድ በላይ የሆኑ አጥቢያዎች «የሞተር መጋዝ ይገዛልን» የሚል ማመልከቻ ልከውልናል። ማመልከቻዎቹ በጥሩ ሁኔታ የተጻፉ ናቸው። የባሕር ዛፉ ብዛት ተቆጥሯል፤ ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ ለምን እንደሚውል ተዘርዝሯል፤ የሊቀ መንበሩ ፊርማና ማኅተሙም አለ። መጋዙን ማን ይይዘዋል የሚለው ግን በአንዱም ላይ አልተጻፈም።

ስንጠይቅ የምናገኘው መልስ «ወጣቶች አሉን» የሚል ነው። ወጣቶች እንዳሉን እናውቃለን። ወደ ቤታቸው በሁለት እግራቸው እንዲመለሱ ስለምንፈልግ ነው ይህን ትምህርት ያዘጋጀነው። ከአዳማ ወዲህ ባሉት በስምጥ ሸለቆ ከተሞች መጋዙን ለመግዛት እንጂ አያያዙን ለመማር የሚጨነቅ ሰው ብዙ አላየንም። በአንድ የሥራ ቦታ አንድ የሃያ ዓመት ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ከግራ ጉልበቱ በላይ ተቆርጦ አይተናል። ልጁ ተርፏል፤ እግሩ ግን እንደ ድሮው አይታጠፍም። ነጠላ ጫማ አድርጎ ነበር የሚሠራው።

እንግዲህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ መጋዙ ያስፈልጋል ወይ የሚለው ነው። እኛ እንደምናየው በዓመት አንድ ጊዜ መቶ የማይሞላ ቀጭን ባሕር ዛፍ ለሚቆርጥ አጥቢያ የሞተር መጋዝ አያስፈልገውም። ሁለት ሰው ከግራና ከቀኝ የሚስበው ረጅም መጋዝ፣ ሁለት ጥሩ መጥረቢያ፣ ሦስት የብረት ሽብልቅ፣ አንድ ከባድ መዶሻና ሃያ ሜትር ጠንካራ ገመድ ይበቃዋል። ይህ ሁሉ ተደምሮ የአንድ ሞተር መጋዝ ዋጋ አይሞላም። ቤንዚን አይጠጣም፤ መለዋወጫ ከአዲስ አበባ አያስመጣም፤ ሠፈሩን በጩኸት አያውክም። የሞተር መጋዝ የሚያዋጣው ሥራው በየወሩ ሲኖር፣ ግንዱ ሲወፍር፣ ወይም እንደ ትምህርት ቤትና እንደ ሆስፒታል ወጥ ቤት ብዙ እንጨት የሚበላ ቦታ ሲኖር ነው። ሁለትና ሦስት አጥቢያዎች ተስማምተው አንድ መጋዝና አንድ የሠለጠነ ሰው በጋራ ቢይዙ ደግሞ የበለጠ ይመረጣል። መጋዙ የሁሉም ነው ተብሎ በየተራ በየሰዉ እጅ ከዞረ ግን በስድስት ወር ውስጥ ቁራጭ ብረት ይሆናል።

ሌላም ሳንዘለው የማናልፈው ነገር አለ። ዛፍ ሁሉ አይቆረጥም። ባሕር ዛፍ፣ የአካባቢያችን ሰው በኦሮምኛ ባርጋሞ የሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣ፣ ሰው ተክሎ ለመቁረጥ የሚያሳድገው ዛፍ ነው። አገር በቀሎቹ ግን ሌላ ናቸው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን በስም ጠርቶ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ከዚያ በኋላ አዋጁ ሁለት ጊዜ ተተክቷል፤ የመጨረሻው አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ነው። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያን ግቢም ቢሆን አገር በቀል ዛፍ ከመንካታችሁ በፊት የወረዳውን የደን ባለሙያ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ። እንጨቱን ጭኖ የሚሄድ ሰውም መንገድ ላይ ወረቀት ሊጠየቅ ይችላል። የቆላውን ግራር በተመለከተ የምንለው አጭር ነው፤ ለፍየሉም ለከብቱም ለሰዉም ጥላ የሚሰጠውን ቆርጦ ከሰል ማድረግ ልማት አይባልም።

አሁን ወደ መሣሪያው እንግባ።

የሞተር መጋዝ የቅርብ ጊዜ ዕቃ ነው። ጀርመናዊው አንድሬያስ ሽቲል እ.ኤ.አ. በ1926 በኤሌክትሪክ የሚሠራውን፣ በ1929 ደግሞ በቤንዚን የሚሠራውን አወጣ። በዚያን ጊዜ መጋዙን የሚሸከሙት ሁለት ሰዎች ነበሩ። ዛሬ የምናየውን የሰንሰለት ጥርስ ያሰበው ግን ጆሴፍ ኮክስ የተባለ አሜሪካዊ እንጨት ቆራጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 አንድ የእንጨት ትል ግንድ ሲበላ ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። ትሉ በመንጋጋዎቹ ግራና ቀኝ እያፈራረቀ እንጨቱን እየፋቀ ይሄድ ነበር፤ ኮክስም ጥርሶቹን አንዱን ወደ ግራ አንዱን ወደ ቀኝ አድርጎ በዚያው አምሳል ሠራቸው። ይህን የምንነግራችሁ ለጨዋታ ያህል ብቻ አይደለም። የሰንሰለቱ ጥርስ እንጨቱን ይፍቃል እንጂ አይፈጭም የሚለውን ከያዛችሁ ስለ መሳል የምንናገረው ሁሉ ይገባችኋል።

ሞተሩ በአብዛኛው ባለ ሁለት ምት ነው። ይህ ማለት የሞተሩ ማለስለሻ ዘይት ለብቻው የሚቀመጥበት ቦታ የለውም፤ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ይገባል። ንጹሕ ቤንዚን ብቻ የጨመረ ሰው ፒስቶኑን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያነክሰዋል፤ እንዲህ የሞተ መጋዝ ደግሞ ብዙ ጊዜ መልሶ አይነሣም። በዘመናችን ብዙዎቹ መጋዞች የሚጠይቁት ለ50 እጅ ቤንዚን 1 እጅ የባለ ሁለት ምት ዘይት ነው። ስለዚህ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ ለ5 ሊትር 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። መጽሐፉ 25 ለ1 የሚል ከሆነ እጥፉን ታደርጋላችሁ። በክዳን እየለካችሁ፣ በግምት እየጨመራችሁ አትሥሩ። ከመድኃኒት ቤት 20 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲሪንጅ ግዙ፤ ለአንድ ሊትር አንድ ሲሪንጅ ነው፤ ማንም ሰው አይሳሳተውም። ለመኪና ሞተር የሚሆነው ዘይት ለዚህ አይሆንም። ባጃጅ የሚጠግነው ልጅ «ያው ዘይት ነው» ቢላችሁ አትስሙት፤ እርሱ የሚያውቀው ባለ አራት ምቱን ይሆናል።

የትንሽ ከተማ ቤንዚን ሁላችንም የምናውቀው ችግር አለበት። ማደያ ላይ ሲጠፋ በመንገድ ዳር በሃይላንድ ይሸጣል። ውኃ የገባበት፣ ላምባ የተቀላቀለበት ብዙ ነው። ሌላ ምርጫ ከሌላችሁ በንጹሕ ብርጭቆ ጥቂት ቀድታችሁ አሳርፉት፤ ውኃ ካለበት ከታች ተለይቶ ይታያል። ላምባው ግን በዐይን አይለይምና ከማታውቁት ሰው አትግዙ። ስትቀዱም በወፍራም ንጹሕ ጨርቅ አጥሉት። ዘይት የተደባለቀበት ቤንዚን ከአንድ ወር በላይ ሲቀመጥ ይበላሻል፤ የሳምንቱን ብቻ ደባልቁ። በሃይላንድ ደግሞ ፈጽሞ አታስቀምጡ። ውኃ የለመደ ሕፃን አንሥቶ ይጠጣዋል። ቀለም ተቀብቶ «ቤንዚን» የተባለበት ጀሪካን ይኑራችሁ።

ቤንዚን የሚጨመረው ሞተሩ ጠፍቶ ከበረደ በኋላ ነው። ከሞላችሁበት ቦታ ቢያንስ 3 ሜትር ራቅ ብላችሁ አስነሡ። በበጋ የአቦምሳ ሣር ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ የጋለ የጭስ ማውጫ ደረቅ ሣር ላይ የተቀመጠ እንደ ሆነ የጎረቤት አዝመራም አብሮ ሊሄድ ይችላል።

መጋዙ ሌላም ዘይት ይፈልጋል፤ እርሱም ሰንሰለቱንና ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ጠፍጣፋ ብረት የሚያለሰልሰው ነው። የቤንዚኑ ጋን አንድ ጊዜ በሞላ ቁጥር የዘይቱም ጋን አብሮ ይሞላል። ከጋራዥ የተቀዳ የተቃጠለ ዘይት የሚያደርጉ አሉ። ነፃ ስለሆነ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ውስጡ ያለው የብረት ብናኝ የዘይቱን ፓምፕ ይበላል፤ በቆዳ ላይ ሲረጭም ለጤና አይበጅም። የሰንሰለት ዘይት ካጣችሁ አዲስና ንጹሕ የሞተር ዘይት ይሻላል። ዘይቱ መድረሱን ለማወቅ ከጉቶ ከፍ አድርጋችሁ መጋዙን ጥቂት አሽከርክሩት፤ በጉቶው ላይ ቀጭን የዘይት መስመር ይረጫል።

አሁን ስለ መሳል እንናገራለን፤ በዚህ ላይ ጥቂት እንቆያለን። መጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 10 ላይ ስለ ደነዘ ብረት የተነገረውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጸሐፊው እንጨት የፈለጠ ወይም ሲፈለጥ በደንብ ያየ ሰው መሆን አለበት። የተሳለ ሰንሰለት እንጨቱን እንደ ቅንጣቢ ያወጣዋል፤ የደነዘ ሰንሰለት ዱቄት ይተፋል። ስለዚህ ከግንዱ ሥር ያለውን ሰጋቱራ አንሥታችሁ እዩ። ዱቄት ከሆነ አቁሙ። የደነዘ ሰንሰለት ይዞ የሚሠራ ሰው መጋዙን በጉልበቱ ይጫነዋል፤ ሞተሩ ይግላል፤ ክንዱ ይዝላል፤ የዛለ ክንድ ደግሞ መጋዙ ሲዘል አይዘውም። አደጋው የሚመጣው እንዲህ ነው እንጂ ከስለቱ ብቻ አይደለም።

የሚስለው ክብ ሞረድ ነው። ሞረዱ እንደ ሰንሰለቱ መጠን ይለያያል፤ ለትንንሾቹ 4 ሚሊ ሜትር፣ ለመካከለኞቹ 4.8፣ ለትልልቆቹ 5.2 ወይም 5.5 ሚሊ ሜትር ነው። ሰንሰለቱ የመጣበት ካርቶን ላይ ተጽፏልና ካርቶኑን አትጣሉ። ሞረዱን ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ትገፋላችሁ፤ ስትመልሱት ታነሡታላችሁ። ወዲያና ወዲህ የሚፈትግ ሰው ሞረዱንም ጥርሱንም ይገድላል። በአብዛኛው ሰንሰለት ላይ ማዕዘኑ 30 ዲግሪ ነው፤ ጥርሱ አናት ላይ የተቀረጸ መስመር ስለሚኖር እርሱን ተከተሉ። በአንድ ጥርስ ሦስት ጊዜ ከገፋችሁ በሁሉም ሦስት ጊዜ ነው። በቀኝ ያሉት ከግራዎቹ ካጠሩ መጋዙ እየዞረ ይቆርጣል፤ ቀጥ ያለ ቁርጥም አታገኙም።

ከእያንዳንዱ ጥርስ ፊት ደግሞ አንዲት ትንሽ ጉብታ አለች። ጥርሱ ምን ያህል ጠልቆ እንዲነክስ የምትወስነው እርሷ ናት፤ ከጥርሱ አናት በ0.65 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለባት። ጥርሱ እየተሳለ ሲያጥር ጉብታዋ ሳትነካ ስለምትቀር ከአራትና ከአምስት ስለት በኋላ በጠፍጣፋ ሞረድ ዝቅ ይደረግላታል። እዚህ ላይ ልጆቻችን የሚያደርጉትን እናውቃለን፤ ቶሎ እንዲቆርጥላቸው ጉብታዋን ጨርሰው ይፍቋታል። እንዲህ የተደረገ መጋዝ ቶሎ ይቆርጣል፤ ግን እንደ ያልተገራ ፈረስ ይዘላል።

ስለ መዝለል ካነሣን፣ ሰንሰለቱ በሙሉ ኀይል ሲዞር በሴኮንድ 20 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ይህም በሰዓት ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ መኪና ፍጥነት ነው። የጠፍጣፋው ብረት አፍንጫ የላይኛው ሩብ ጠንካራ ነገር ከነካ መጋዙ በቅጽበት ወደ ያዘው ሰው ፊት ይወረወራል። ሰው ከዚያ በፊት ሊያስብ አይችልም፤ ጊዜ የለውም። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከፊተኛው እጀታ ፊት የሰንሰለት ፍሬን የተደረገው። ፍሬን የሌለው ወይም ፍሬኑ የተሰበረ አሮጌ መጋዝ ማንም በነፃ ቢሰጣችሁ አትቀበሉ። ፍሬኑን በየጠዋቱ ሞክሩ። የግራ አውራ ጣታችሁ እጀታውን ከሥር ይክበበው፤ ክንዳችሁ ቀጥ ይበል፤ ከትከሻ በላይ አትቁረጡ፤ መሰላል ላይ ወጥታችሁም አትቁረጡ።

ሲነሣ መጋዙ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ፍሬኑ ተይዞ፣ የቀኝ ጫማ ጫፍ በኋለኛው እጀታ ውስጥ ገብቶ፣ ግራ እጅ የፊተኛውን እጀታ ጨብጦ በቀኝ እጅ ይሳባል። በአንድ እጅ እየወረወሩ የሚያስነሡትን አይታችኋል፤ ጎበዝ ይመስላሉ። አትምሰሏቸው።

ልብስን በተመለከተ ከሁሉ የሚቀድመው ሱሪው ነው። ለዚህ ሥራ የተሠራው ሱሪ በውስጡ ረጃጅም ጭረቶች አሉት፤ ሰንሰለቱ ሲነካው ጭረቱ ተስቦ ማርሹን ይጠልፍና ያቆመዋል። በመጋዝ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው እግር ነው፤ ይልቁንም ግራው። «ይሞቃል» ትሉናላችሁ፤ እውነት ነው፣ የአቦምሳ ፀሐይ ከዚህ ሱሪ ጋር አይስማማም። መድኃኒቱ ሱሪውን ማውለቅ ሳይሆን ሰዓቱን መቀየር ነው፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ሠርታችሁ አቁሙ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱም ስለሚነሣ ዛፍ መጣያ ሰዓት አይደለም። ከሱሪው ቀጥሎ የራስ ቁር፣ የዐይን መከለያ፣ የጆሮ መሸፈኛና ጣቱ ጠንካራ የሆነ ቦት ጫማ ነው። የመጋዙ ጩኸት ከ100 ዴሲቤል ይበልጣል፤ ጆሮ በየቀኑ ሊችለው የሚገባው 85 ነው። ጥጥ መወተፍ አይበቃም።

ዛፍ ስንጥል መጀመሪያ የምንጠቀመው መሣሪያ ዐይናችን ነው። ወዴት ያዘነብላል? ቅርንጫፉ የበዛው በየት በኩል ነው? የተሰበረ፣ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ አለ? የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ? ሽቦ ሊነካ የሚችል ከሆነ ሥራው የእናንተ አይደለም፤ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት አመልክቱ። ዛፉ 20 ሜትር ከሆነ በዙሪያው 40 ሜትር ድረስ ከሚቆርጠው ሰው በስተቀር ማንም አይቆምም። ልጆችን የሚያርቅ አንድ ሰው መድቡ፤ እንጨት የሚለቅሙ እናቶችንም አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ከወደቀ በኋላ ይለቅማሉ። የሚቆርጠውም ሰው የሚሸሽበትን መንገድ አስቀድሞ ይመንጥር። ያም ዛፉ ከሚወድቅበት ተቃራኒ ሆኖ ቀጥታ ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ጎን ሰያፍ ነው፤ ምክንያቱም ግንዱ ሲወድቅ ቂጡ ወደ ኋላ ሊዘል ይችላል።

ውፍረቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባሕር ዛፍ እንውሰድ። እንዲወድቅ በምንፈልገው በኩል ከ6 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር የሚገባ አፍ እንከፍታለን፤ ከላይ ሰያፍ፣ ከታች አግድም። ከዚያ በኋላ ከጀርባው፣ ከአፉ ወለል 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብለን መቁረጥ እንጀምራለን፤ ነገር ግን እስከ አፉ አንደርስም። 3 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ የውፍረቱ አንድ አሥረኛ፣ ሳይቆረጥ ይቀራል። ይህ እንደ በር ማጠፊያ ነው። ዛፉን ወደ ፈለግነው አቅጣጫ እየመራ የሚያስተኛው እርሱ ነው። ማጠፊያውን ጨርሶ የቆረጠ ሰው ዛፉ ወደ ፈቀደው እንዲሄድ ፈቀደለት ማለት ነው። ቁርጡ ሳይዘጋ የፕላስቲክ ወይም የእንጨት ሽብልቅ ከኋላ አስገቡ፤ የብረት ሽብልቅ ሰንሰለቱን ያበላሻል።

በጣም ያዘነበለ ባሕር ዛፍ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። ከኋላ ቀስ ብሎ ሲቆረጥ ግንዱ ሳይቋረጥ ወደ ላይ ይሰነጠቅና ግማሹ እንደ በቅሎ እርግጫ ወደ ቆራጩ ይመታል። ለጀማሪ አይሰጥም። ሌላ ዛፍ ላይ ተደግፎ የቀረውንም ከሥሩ ገብታችሁ፣ ወይም የደገፈውን ዛፍ ቆርጣችሁ ለማውረድ አትሞክሩ፤ ከዛፉ ቁመት በሚረዝም ገመድ ከሩቅ በጥንድ በሬ ቂጡን ወደ ኋላ ይሳብ።

ጉቶው ባሕር ዛፍ ከሆነ መልሶ እንዲበቅል ከመሬት 10 ወይም 12 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ፣ ውኃ እንዲወርድበት ትንሽ ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡ። ልጡ እንዳይገፈፍ። ዝናብ ሊገባ ሲል የተቆረጠ ጥሩ ያቆጠቁጣል፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ቀጥ ያሉትን ትታችሁ ሌላውን አንሡ። ወደ ፈንታሌና ወደ አፋር በኩል ያላችሁ ወንድሞች የምትታገሉት ፕሮሶፒስ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ከመሬት በላይ የቆረጣችሁት እንደሆነ አሥር ሆኖ ይነሣል። ከመሬት በታች ሥሩን መንቀል ያስፈልጋል፤ ይህም የዶማና የመጥረቢያ ሥራ ነው። አፈር የነካ ሰንሰለት በአንድ ሴኮንድ ይደነዝዛልና መጋዙን ወደ መሬት አታስገቡ። እሾሁ የጫማን ሶል አልፎ ስለሚገባም ነጠላ ጫማ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም።

አሁን ፈለጣ። አብዛኞቻችሁ ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ፤ ስለዚህ ጥቂት ነገር ብቻ እንጨምራለን። ባሕር ዛፍ የሚፈለጠው እርጥብ ሳለ ነው። ሲደርቅ ጭረቱ ይጠማዘዝና መጥረቢያውን ነክሶ ይይዛል። «ይድረቅና እንፈልጠዋለን» ብሎ ያቆየ ሰው ሥራውን እጥፍ አደረገው። ግንዱን ከመሃሉ ሳይሆን ከጠርዙ ጀምሩ፤ ሲታረድ አስቀድሞ የተሰነጠቀበትን መስመር ፈልጉ፤ ባሕር ዛፍ ራሱ መንገዱን ያሳያል። ጉጥ ያለበትን ከጉጡ በተቃራኒ ጫፍ ምቱ። ግንዱ ከጉልበት ዝቅ ባለ ወፍራም ጉቶ ላይ ይቁም፤ እግር ይከፈት፤ የሳተ መጥረቢያ ጉቶውን እንጂ ቅልጥምን እንዳያገኝ።

የመጥረቢያው እጀታ ከደረቀ ወይራ ይሁን። ዘዳግም ምዕራፍ 19 ላይ እንጨት ሲቆረጥ ብረቱ ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ስለሚገድል ሰው የተነገረ አለ፤ እንዲህ ያለው ሰው የሚሸሽበት ከተማ እንዲለይ ታዝዟል። እኛ ግን የመማጸኛ ከተማ ስለሌለን ጠዋት ጠዋት እጀታውን እንፈትሻለን። ለላላው ብረት ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ የአንድ ቀን መፍትሔ ነው፤ ሲደርቅ መልሶ ይላላል። አዲስ ሽብልቅ ከአናቱ ይመታበት፤ ካልያዘም እጀታው ይለወጥ።

የብረት ሽብልቅን አንጥረኛው ብዙ ጊዜ ከመኪና ባሌስትራ ይሠራዋል። ባሌስትራ ጥሩ ብረት ነው። ነገር ግን ሁለንተናው ከጠነከረ በመዶሻ ሲመታ ይፈነጠራል፤ ፍንጣሪውም ዐይን ያጠፋል። ለአንጥረኛው ስለቱ ብቻ እንዲጠነክር፣ የሚመታው ራስ ግን ለስላሳ ሆኖ እንዲቀር ንገሩት። ራሱ ተመትቶ ተመትቶ እንደ እንጉዳይ ሲከፈት ጠርዙን በሞረድ አንሡለት። መጥረቢያን በመጥረቢያ አናት መምታትም የተከለከለ ነው፤ ሁለቱም ጠንካሮች ናቸውና።

በሃይድሮሊክ የሚፈልጥ መሣሪያ የት እንደሚገኝ የጠየቁን አሉ። ለትልቅ ወጥ ቤት ካልሆነ አንመክርም። ከመጣም አንድ ሰው ብቻ በሁለት እጁ የሚያንቀሳቅሰው ይሁን፤ አንዱ ሲጫን ሌላው እንጨት የሚያስተካክል ከሆነ ጣት ይቀራል።

የተፈለጠውን በድንጋይ ላይ ከፍ አድርጋችሁ ደርድሩ፤ መሬት ላይ የተቀመጠውን ምስጥ ይወርሰዋል። ከላይ ቆርቆሮ፣ ጎኑ ለነፋስ ክፍት ይሁን። እርጥብ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ የሚጠጋው ውኃ ነው፤ ያን የምታነድ እናት ውኃ ስታፈላ ነው የምትውለው፤ ጭሱም ለዐይኗና ለልጇ ሳንባ ነው የሚተርፈው። ለመበለቶችና ለአረጋውያን ፍልጥ የምታድሉ አጥቢያዎች በዚህ ዓመት የተፈለጠውን ለሚቀጥለው ብታቆዩ ያው ሸክም ብዙ ቀን ያበስላል።

ይህን ጽሑፍ ለምታነቡ በአዲስ አበባና በአዳማ ላላችሁ ምእመናንም አንድ ልመና አለን። መጋዝ ለመስጠት ስታስቡ መጋዙን ብቻ አትላኩ። ከመጋዙ ጋር ሱሪው፣ የራስ ቁሩ፣ ሁለት ትርፍ ሰንሰለት፣ ሞረዶችና የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን ይምጣ። ለሁሉ የሚበቃ ገንዘብ ከሌለ መጋዙ ይቆይና ሱሪው ይቅደም። ሣጥኑ ውስጥ ሰፋፊ ፋሻ ይብዛ፤ በመጋዝ የተቆረጠ ሰው ደሙ የሚቆመው ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ በመጫንና ሳይለቁ በመያዝ ነው። ማንም ሰው ብቻውን አይቁረጥ። ስልክ ያለው፣ ጤና ተቋም የሚያደርስ ባጃጅ ወይም መኪና የማን እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው በሥራው ቦታ ይኑር፤ የሾፌሩም ቁጥር ከሥራው በፊት ይመዝገብ።

ጥያቄ ያላችሁ ከምሳ በኋላ እንነጋገራለን። ነገ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ከግቢው ጀርባ ባሉት ሦስት ባሕር ዛፎች ላይ በተግባር እናሳያለን። መጋዝ ያላቸው አጥቢያዎች መጋዛቸውን፣ ካርቶኑንና ያላቸውን ሞረድ ይዘው ይምጡ፤ ሌሎቻችሁ መጥረቢያችሁን ከነእጀታው አምጡ። ነጠላ ጫማ ያደረገ ሰው ከገመዱ ውጭ ይቆማል።